የጨረታ ሕግና የተማሪዎች ማእድ

ስለ ተማሪዎች ምገባ በሚነገርበት ጉባኤ ሁሉ የሚወሳው የተራበው ሕፃንና ለእርሱ የሚራራው ለጋሽ ነው፤ እህሉ ከማን ተገዛ፣ በምን ሥርዐት ተገዛ፣ ገንዘቡስ በማን እጅ ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔ ግን ለሒሳብ ሹም ብቻ የተተወ የሚመስለው ይህ የግዥ ሕግ፣ ምገባውን ምጽዋት አድርጎ የሚያስቀረው ወይም ለልጁም ለገበሬውም መተዳደሪያ የሚያደርገው እርሱ ነው እላለሁ፤ ለዚህም ምስክር የማቀርበው የብራዚልን አገር ነው።

ብራዚል ተማሪዎቿን በመንግሥት ሥርዐት መመገብ የጀመረችው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ነው። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ፣ የሬሲፌ ተወላጅ የነበረው ሐኪም ጆዙዌ ዴ ካስትሮ ስለ አገሩ ረኀብ በጻፈው ስመ ጥር መጽሐፍ፣ ረኀብ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ሳይሆን ከመሬት ይዞታና ከኢኮኖሚ ሥርዐት የሚወለድ የሰው ሥራ መሆኑን አስረድቶ ነበር። እርሱ ግን በአገሩ ሥልጣን የያዘው የወታደሮች መንግሥት የፖለቲካ መብቱን ስለ ገፈፈው በ1973 በፓሪስ በስደት ዐረፈ፤ ትምህርቱም በሕግ መልክ ወደ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት እስኪገባ ድረስ መጽሐፉ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ፈጀ።

በሰኔ ወር 2009 (በእኛ 2001 ዓ.ም.) የወጣው 11947ኛው ሕግ በአንቀጽ 14፣ የማዕከላዊው መንግሥት ለተማሪዎች ምግብ ከሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው በቀጥታ ከቤተሰብ እርሻ ለሚገዛ ምርት እንዲውል አዘዘ፤ ቅድሚያውንም በመሬት ሥሪት ለውጥ ለሰፈሩ ገበሬዎች፣ ለጥንት ነባር ሕዝቦችና ከባርነት አምልጠው በየጫካው መንደር ለቆረቆሩት ጥቁሮች ዘሮች ሰጠ። ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ተማሪ ለሚበላበት ማእድ ይህ ድርሻ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ የሕጉን ጥበብ በመቶኛው ውስጥ የሚፈልግ ሰው ፍሬውን ትቶ ገለባውን የሚያበጥር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም 30 በመቶ ይገዛ ተብሎ ቢታዘዝና ግዥው በተለመደው ጨረታ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ድርሻ ተመልሶ በጅምላ ነጋዴ እጅ በገባ ነበር። ጨረታ ዋጋውን ዝቅ ላደረገ ይፈርዳልና፤ ዋጋ ዝቅ ማድረግ የሚችለው ደግሞ ብዙ ገዝቶ ያከማቸ፣ የጭነት መኪና ያለው፣ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ ከባንክ አሠርቶ በታሸገ ፖስታ የሚያስገባ ነው እንጂ፣ ሁለት ጥማድ መሬት አርሶ ጎመንና ባቄላ የሚያመርት አባወራ አይደለም።

የብራዚል ሕግ ጨረታውን በይፋ ጥሪ ተካው። ከተማው አስቀድሞ የአካባቢውን ገበያ ያጠናል፤ የሚከፍለውንም ዋጋ ቈርጦ ያስታውቃል፤ ገበሬዎቹ ወይም ማኅበሮቻቸው የሚያቀርቡትን መጠን ጽፈው ያስገባሉ፤ ማንም ማንንም በዋጋ አይጥልም፤ የሚመረጠውም በቅርበቱና ሕጉ በዘረዘረው ቅድሚያ ነው። ምናሌውን የሚያወጣው በሕግ የታዘዘ የሥነ ምግብ ባለሙያ ሲሆን፣ የአካባቢውን የአመጋገብ ልማድና የሚበቅለውን ሰብል የመመልከት ግዴታ አለበት። በ2023 ደግሞ ከቤተሰብ በሚገዛው ምርት ቢያንስ ግማሹ ሽያጭ በሴቲቱ ስም እንዲሆን ተደነገገ፤ ከጓሮዋ የወጣው ጎመን ዋጋ በባልየው ኪስ ለቀረባት ሴት ይህ ትንሽ አንቀጽ አይደለም።

የሒሳብ ሰዎች፣ ጨረታ ከቀረ ሙስና በየት ይገታል ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በየከተማው የወላጆች፣ የመምህራን፣ የተማሪዎችና የሲቪል ማኅበራት ወኪሎች የተቀመጡበት የትምህርት ቤት ምግብ ምክር ቤት ሒሳቡን ይመረምራል፤ ልጁ የሚበላውን የሚያውቅ ወላጅም በታሸገ ፖስታ የማይታይ ብዙ ነገር ያያል። የሕጉ ቀዳዳ ያለው በሌላ ስፍራ ነው፤ ገበሬው ሕጋዊ ደረሰኝ ካልሰጠ፣ አቅርቦቱ ካልዘለቀ ወይም ንጽሕናው ካልተሟላ ግዴታው ቀሪ ይሆናል ስለሚል፣ ሰነፍ ሹም በእነዚህ ሦስት በሮች ይወጣል። ከ30 በመቶ በታች የገዙ ከተሞችም ጥቂት አልነበሩም።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ ብራዚል ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንዲሁም ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር ሆና ልምዷን ካካፈለቻቸው አምስት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ በደቡብም ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየኖች የተገዛ እህል ለትምህርት ቤቶች ቀርቧል። በፈረንጆቹ ከ1994 ጀምሮ ሲሠራ በቆየው የዕርዳታ ምገባ የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት ገንፎ ሲበሉ ለኖሩት ልጆች የአገራቸው በቆሎና ቦሎቄ መምጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን የብራዚልን ሕግ እንዳለ ተርጉመን ብንወስደው አይበቃንም፤ የትምህርት ዓመታችን የሚጀምረው በመስከረም፣ የገበሬው ጎተራ በተራቆተበት ወራት ሲሆን፣ የመኸሩ እህል የሚወቃው ገና ከኅዳር እስከ ጥር ነውና። በመስከረም እህል ግዛ የተባለ የወረዳ ሹም፣ ሕጉ ምንም ቢለው፣ የሚያገኘው ነጋዴው በጥር በርካሽ ሰብስቦ ያቈየውን ነው። ምናሌውም ቢሆን ረቡዕንና ዓርብን፣ የሁዳዴንም ጾም ማወቅ፣ በእንሰት አገር ቆጮን፣ በጤፍ አገር ሽሮን ማስቀደም ይገባዋል፤ ከሩቅ በመጣ ምናሌ የአቅራቢያውን ገበሬ ምርት መግዛት አይቻልም።

ስለዚህ የግዥ መመሪያ የምታረቁ ሰዎች፣ ስለ መቶኛው ከመከራከራችሁ በፊት ሁለት ነገር እንድትጽፉ እለምናችኋለሁ፤ ለመስከረም የሚሆነው እህል ውል ዋጋው አስቀድሞ ታውቆ በጥር ከማኅበራቱ ጋር ይፈረም፣ የክፍያውም እኩሌታ እህሉ ወደ ዩኒየኑ መጋዘን በገባበት ቀን ለገበሬው ይከፈል።