የሙስሊም ሴት ደራስያን መደጋገፍና የሕግ ጥበቃ

በወሎ ሙስሊም ሴቶች የሚደርሷቸው ግጥሞችና መንዙማዎች በአብዛኛው በቃል ስለሚተላለፉ የደራሲዋ ስም ከሥራዋ ጋር አይዘልቅም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ ሥራን የሚጠብቀው በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በሌላ ዘዴ ተቀርጾ ሲገኝ ነው፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። የኢኮኖሚ መብቷም በሕይወት ዘመኗና ከሞተች በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል።

በመሆኑም በዝቋላ ወረዳ የሚገኙ ጸሐፍት ተሰባስበው ሥራዎቻቸውን መመዝገባቸው የመብት ጥበቃ መነሻ ነው። በማኅበር መደራጀት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 የተረጋገጠ ነው። መጻፍ ለማይችሉ እናቶች የሚጽፉ ወጣቶች ግን የደራሲዋን ሙሉ ስምና ቀኑን ማስፈር ይኖርባቸዋል፤ ባለመብቷ ግጥሙን የደረሰችው እንጂ የጻፈችላት አይደለችም።