የትሬንታ ኳትሮ ጠባሳ አይፋቅ

አሮጌ ወታደራዊ የጭነት መኪናዎችን ማደስ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውንና የዕረፍት ጊዜያቸውን የሚያፈሱበት ሥራ ነው። ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ መኪናዎች ለትርኢት ሲቀርቡ ተመልክቻለሁ። የብዙዎቹ አዳሾች ግብ መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት የነበረውን መልክ መመለስ ነው። ዝገቱና ቀለሙ ተፍቆ ይነሣል፤ በኋላ ዘመን የተጨመረ ብሎን ሁሉ ይወጣል። በአገራችን ለሚገኙ አሮጌ መኪናዎች ግን ይህ ግብ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ምክንያቴን በአንድ መኪና አስረዳለሁ።

ፊያት 634 ኤን እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1939 በጣሊያን የተመረተ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ከባድ የጭነት መኪና ነው። የሞተሩ ይዘት ከ8 ሊትር ቢበልጥም ኃይሉ ከ75 እስከ 80 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። በ1928 ዓ.ም. በተጀመረው ወረራ የፋሺስቱን ጦር አገለገለ፤ በ1933 ዓ.ም. ወራሪው ሲባረር መኪናው እዚሁ ቀረ። ሕዝቡም የቁጥሩን መጨረሻ ይዞ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። ከዚያ በኋላ መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን በመንገድ ላይ ያቆዩት የእኛው ሾፌሮችና መካኒኮች ናቸው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ የሚሉት የጋራዥ ቃላት የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው።

እነዚህ ባለሙያዎች ስሙን ባይጠሩትም ሥራቸው ፊዚክስ ነበር። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ የናፍጣው መጠን ካልተቀነሰ ከፊሉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ፖምፓውን ለደጋ አየር ማስተካከል የግድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መኪናውን በፋብሪካው መመሪያ ብቻ የሚያድስ ሰው ይህን ዕውቀት ሳያውቀው ይደመስሰዋል።

ቁልቁለትንም እንመልከት። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 98 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት መወገድ አለበት። ይህ ሁሉ ሙቀት 100 ኪሎ ግራም በሚመዝን የፍሬን ብረት ውስጥ ቢጠራቀም፣ ብረቱን እስኪቀላ ድረስ ለማጋል ከበቂ በላይ ነው። እርግጥ ነፋሱ ያበርደዋል፤ ነገር ግን «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የሾፌሮች ምክር ሸክሙን ከፍሬን ወደ ሞተር የሚያዛውር ትክክለኛ ሳይንስ ነው።

«የወራሪን መሣሪያ ለምን እናድሳለን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መኪናውን ወደ ቱሪን መልኩ የምንመልሰው ከሆነ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የምናከብረው ወራሪውን ይሆናልና። የተበየደው ሻንሲ፣ ከሌላ መኪና ተቆርጦ የገባው የባሌስትራ ቅጠል፣ በእጅ የተሠራው ማሰሪያ ግን የእኛ ሰዎች የጻፉት ሰነድ ነው። እድሳት ይህን ጠባሳ ሊጠብቅ እንጂ ሊፍቅ አይገባም።

ይህ ማለት ግን ሁሉ ነገር ሳይነካ ይቅር ማለት አይደለም። ለዓመታት የቆመ ሞተር በስታርተር በጉልበት ሊነሣ አይገባውም፤ የፒስተን ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቀው ሊሆን ስለሚችል፣ ዘይት ጠጥቶ ከቆየ በኋላ በእጅ በዝግታ ይዞራል። የፍሬን ጎማዎች በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቁና ስለሚሰነጠቁ ያለ ማመንታት በአዲስ ይተካሉ። የቀድሞው የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው በአየር ግፊት አይነፋም። የወጣው ዕቃ ሁሉ ከየት እንደወጣ ተጽፎበት ይቀመጣል።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን ብረቱ አይደለም። እነዚህን መኪናዎች ያንቀሳቀሱ መካኒኮች አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። የሚያውቁትን ደግሞ አልጻፉም። ስለዚህ የፊዚክስና የምህንድስና መምህራን አንድ ትሬንታ ኳትሮ ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጡ በፊት አግኝተን፣ እድሳቱን የተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ እንድናደርገው ሐሳብ አቀርባለሁ። ተማሪው ቴርሞሜትሩንና ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ከአዛውንቱ መካኒክ ጎን ይቁም፤ እሳቸው በጆሮ የሚለዩትን እሱ በቁጥር ይመዝግብ።