ገበሬውን ቀርቦ ስለ መጠየቅ

ስለ ገበሬው ኑሮ ለመሥሪያ ቤት የሚቀርበው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር የተሞላ ነው፤ ይህን ያህል ጥማድ ተዘራ፥ ይህን ያህል ኩንታል ተሰበሰበ ይላል። ቁጥሩ ማስፈለጉን የሚክድ የለም። ነገር ግን ገበሬው ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ ቁጥር ብቻውን አይናገርም። ምክንያቱን የሚያውቀው ባለ ጉዳዩ ነውና፥ ጊዜ ሰጥቶ በገዛ ቃሉ እንዲያስረዳ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህም የወግ ጨዋታ ሳይሆን ደንብ ያለው የምርመራ ሥራ ነው።

ለዚህ የጎጃም ነገር ምስክር ይሆናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የታሰበው እንደ ምርቱ መጠን ለማስከፈል ነበረ። ሕዝቡ ግን ገማቾቹ የመጡት መሬቱን ለክተው ርስቱን ሊያጠፉበት መስሎት ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ፥ በኋላም ውዝፉ ግብር ተማረ። የዚህን ፍርሃት ሥር ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ አሜሪካዊው አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ገበሬዎች መካከል ተቀምጦ አጥንቶ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1973 ያሳተመውን መጽሐፍ ይመልከት። ሆበን የማን መሬት ስንት ነው ብሎ ብቻ አልቀረም፤ የትውልድ ቈጠራውንና የርስት ሙግቱን ከአፋቸው ሰማ። በዚያ አገር የርስት መብት በአባትም በእናትም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይቈጠር ስለ ነበረ፥ አንድ ሰው በእጁ ከያዘው ሌላ ሊጠይቀው የሚችል ብዙ ርስት ነበረው። እንዲህ ያለውን መሬት በቀላድ ለክቶ በአንድ ሰው ስም መጻፍ የሌላውን ወራሽ ተስፋ መዝጋት ነበረ። ይህን ከሠንጠረዥ ማን ያገኘው ነበር?

ጠያቂው ከሹም ጋራ ከመጣ፥ ገበሬው የሚመልሰው ለጥያቄው ሳይሆን ለሹሙ ነው። ግብር ይጨመርብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው የከብቱን ቁጥር በትክክል አይናገርም፤ አይፈረድበትምም። ስለዚህ ሹሙ ራቅ ቢል ይሻላል። እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1983 እንደ ጻፈው ደግሞ፥ ጎብኚ በበጋ መጥቶ፥ የመኪና መንገድ ዳሩን አይቶ፥ ወንዶቹንና ሻል ያሉትን አነጋግሮ ይመለሳል። ችጋሩ የሚጠናው ግን በክረምት፥ ከመንገድ ርቆ ነው።

ሦስት አራት ሰው ተጠይቆ የወረዳውን ነገር እንዴት ያስረዳል? የሚል አይጠፋም። ችግረኛው ስንት እንደ ሆነ አያስረዳም፤ እርሱ የቈጠራ ሥራ ነው። ባልና ሚስት፥ ባለ መሬትና የእኩል አራሽ ለየብቻ ተጠይቀው የአንዱ ቃል ከሌላው ጋራ ሲመዘን ግን ነገሩ እየጠራ ይሄዳል። ቃላቸውም ጸሓፊው እንዳሳመረው ሳይሆን እንደ ተናገሩት ይጻፍ። «ማዳበሪያ አልፈለገም» ተብሎ የተመዘገበው ገበሬ «ዝናቡ ቢቀር ዕዳውን ማን ይከፍልልኛል?» ያለው ሊሆን ይችላል።