«መነሻ ገጽ»፣ «መነሻ ገጽ»፣ «መነሻ ገጽ»

አገልግሎቱ ሁሉ ኦንላይን እየገባ ነው። ግን ለማን? ማየት የተሳነው ሰው ኮንትሮልና ታብን ተጭኖ ከአንዱ ታብ ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ ስክሪን ሪደሩ ቀድሞ የሚያነብለት የገጹን ርዕስ ነው። ቅጹም፣ ክፍያውም፣ ደረሰኙም «መነሻ ገጽ» ከተባሉ በምን ይለያቸው? እያንዳንዱን ማስነበብ ሊኖርበት ነው። እኛ በአንድ እይታ የምንጨርሰው እሱን ደቂቃዎች ያስከፍለዋል።

ሰበቡ ገንዘብ ነው እንዳይባል፣ ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይገኛል። ርዕስ ማስተካከልም ለፕሮግራመሩ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ችግሩ ያጠፋው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ መሆኑ ነው።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ኢንተርኔትንም ይጨምራል። እናም ድረ ገጽ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ሥራውን ከመረከቡ በፊት አንድ ነገር ይሞክር፦ ስክሪኑን አጥፍቶ ይጠቀምበት።