ዝገት በቀለም አይቀበርም



ባለፈው ሳምንት ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስሄድ አንድ አሮጌ ፔጆ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። እግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ረገብ ረገብ ሲልብኝ ገለጥ ባደርገው አስፋልቱ ከታች ሲሮጥ ታየኝ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ ቅዳሜ አስቀባዋለሁ። ያ የፒክአፑ ቀለም ተገኝቷል» አለኝ።

አልተቆጣሁትም። እኔም ያንኑ ስህተት ሠርቼዋለሁና። ይኸውም ለፒክአፕ የጭነት ሳጥን ተብሎ የተሠራውን፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆነውን ወፍራም ቀለም ካቻምና በመኪናዬ ወለል ላይ፣ ዝገቱን በወጉ ሳልፍቅ ለቀለቅሁት። ያምር ነበር፣ አቦ! ክረምቱ ሲወጣ ግን መኪናው ውስጥ የሻጋታ ሽታ መጣ። በካቻቪቴ ነካ ባደርገው እስከ እጀታው ገባ። ቀለሙ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው ላሜራ ግን እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ግን ለጤነኛ ብረት ነው የተሠራው። የተበላ ወለል ላይ መቀባት ጉዳቱን ከባለመኪናውም ከተሳፋሪውም መደበቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

«ድሬ ደረቅ አገር ናት፣ ዝገት ከየት መጣ?» የሚል አይጠፋም። ከእኛው ከራሳችን ነው የሚመጣው። መኪና በጎማ ቱቦ ስናጥብ ውኃው ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ጫት እንዳይጠወልግ ውኃ ተርከፍክፎበት በእግር መረገጫው ላይ ይጫናል። የመስታወቱና የበሩ ጎማ አርጅቶ የክረምቱን ዝናብ ያስገባል። ዝገት ደግሞ ውኃና አየር ካገኘ ሌላ አይፈልግም። ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ ከላዩ ያለውን ቀለም እየገፋ ያነሳዋል። ቀለሙ ጠንክሮ ቢይዝ እንኳ ከሥሩ የቀረው እርጥበት መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ይበላል።

ጉዳዩ በተለይ የፔጆ 404 ባለቤቶችን ይመለከታል። ይህ የቤት መኪና ፈረንሳይ አገር የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ድረስ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ የመጣው የመጨረሻው እንኳ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል። ድሬዳዋንና ሐረርን ስንት ዘመን ያገለገለ ባለውለታ ነው። ግን እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው አንድ ላይ ሆነው ነው። መቀመጫውም የታሰረው ወለሉ ላይ ነው። ወለሉ ከተበላ በግጭት ጊዜ መቀመጫው ከነሰውየው ይነቀላል። ከዚህም በላይ ማርሚታው ቀዳዳ ካለው ጭሱ በወለሉ ሽንቁር ወደ ውስጥ ይገባል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ ይገድላልም።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? መጀመሪያ መቀመጫና ምንጣፍ ወጥቶ ወለሉ ፀሐይ ይምታው፤ ፀሐይስ ሞልቶናል። ከዚያ በመዶሻ ቀስ እያሉ መታ መታ፣ በካቻቪቴ ወጋ ወጋ ማድረግ ነው። የላላው ቦታ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበት። በዝገቱ ላይ መለጠፍ ብየዳ አይባልም። ከብየዳ በፊት ባትሪው ይፈታ፤ በወለሉ ሥር የሚያልፈው የቤንዚንና የፍሬን ቱቦ ይታይ፤ እሳት ማጥፊያም አጠገብ ይኑር። ላይ ላዩን ብቻ የዛገው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ በቲነር ተወልውሎ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። ያ ሲደርቅ ነው የጎማው ቀለም ተራ የሚደርሰው፤ እሱም ሳሳ ተደርጎ ሁለት ጊዜ። ወለሉ ላይ ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ግን አይደፈኑ፤ የገባ ውኃ መውጫ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ቀለም ትነት ቀላል አይደለም። በተለይ ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚረጨው ዓይነት ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያመጣል፤ አፍንጫን በነጠላ መሸፈን አያድንም። እሱን መሣሪያው ላለው ባለሙያ መተው ነው። በብሩሽ የሚቀባውም ቢሆን በሮቹ ሁሉ ተከፍተው፣ ጥላ ሥር፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሠራ። ልጆች እንዳይጠጉ።

«ብየዳው ብር ይበላል፣ እኔ የዕለት ጉርሴን ከዚህችው መኪና ነው የማገኘው» የሚለውን ወንድማችንን እረዳዋለሁ። መኪናው ጋራዥ በዋለ ቁጥር ቤቱ ምን እንደሚጎድል አውቃለሁ። ሆኖም እኔ ለቀለሙ አንድ ጊዜ ከፈልሁ፤ ኋላ ቀለሙን ለማስፋቅ ሌላ ከፈልሁ፤ ከዚያም ያው ብየዳ አልቀረልኝ። የቀዳዳውም ስፋት በአንድ ክረምት እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። አቅም ካነሰ በየተራ ይሠራ፤ መቀመጫው የታሰረበትና የሰው እግር የሚያርፍበት ይቅደም። እስከዚያ ግን በዚያ በኩል ሰው አለመጫን ነው።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ከክረምቱ በፊት አንድ እሑድ ጧት መኪና ያለን ሁሉ ተሰብስበን ምንጣፋችንን እንግለጥ። በሰፈራችን ብየዳ የሚያውቁ ልጆች አሉ፤ እነሱ ይዩልን፣ ላሜራውንም በጋራ ገዝተን እንካፈል። ማንም በማንም አይሳቅ፤ የመጀመሪያውን ምንጣፍ እኔ እገልጣለሁ። ተሳፋሪ የሆንነውም እርጥብ ዕቃ ስንጭን ከሥሩ ላስቲክ እናንጥፍ፣ ቀዳዳ ስናይም ዝም አንበል።

ያን ሾፌር ስወርድ፣ «ልጄ፣ ቅዳሜ ከመቀባትህ በፊት አንዴ በካቻቪቴ ወጋ አድርገው» አልሁት። «እሺ ጋሼ» ብሎኛል። እንደሚያደርገው ተስፋ አለኝ፤ ልጆቻችን የሚሳፈሩት እዚያው ላይ ነውና።

ከአንድ የሰፈሩ ነዋሪ