«ስፖርት ሥሩ» ማዘዣ አይደለም!



ጄሶው ተፈትቶ የልጅዎ ጭን ከሌላኛው ቀጥኖ ሲያዩ ምን ያደርጋሉ? አብዛኛው ወላጅ በቅቤ ያሻል። ማሸት ህመም ያስታግስ ይሆናል፤ የሳሳ ጡንቻን ግን አይመልስም። ጡንቻ የሚመለሰው ሲሠራና ሸክም ሲያገኝ ነው።

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ደግሞ ሌላ ክርክር አለ፦ «ሮብ ገበያ ደርሶ መልስ በእግሬ የምሄድ ሰው ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?» መንገዱ ጥሩ ነው፣ አይተዉት። ልብና ሳንባን ያበረታል፣ እግር ቶሎ እንዳይዝል ያደርጋል። ይህ ጽናት ይባላል። ነገር ግን ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው ቤት ሲገቡ ከዱካ ለመነሳት ጉልበትዎን በእጅዎ የሚደግፉ ከሆነ፣ የጎደለዎት ጽናት ሳይሆን ጥንካሬ ነው። መንገድ ቢጨምሩበት አይሞላም።

ትልቁ ጥፋት ግን የእኛ የሐኪሞቹ ነው። አሞክሳሲሊን ስናዝ ሚሊግራሙን፣ ሰዓቱን፣ ቀኑን እንጽፋለን። እንቅስቃሴ ላይ ስንደርስ «ስፖርት ሥሩ» ብለን እንሸኛለን! አሜሪካዊው ወታደራዊ ሐኪም ቶማስ ዴሎርም ጉዳት የደረሰባቸውን ወታደሮች ክብደት ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለማሠራት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። እኛ ዛሬም መጠን አንጽፍም።

ስለዚህ አይፈሩ፣ ይጠይቁን። የትኛው ጡንቻ? በምን ክብደት? ስንት ጊዜ?

ለጥንካሬ ከሆነ፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ብቻ የሚያነሱት፣ የመጨረሻዎቹ 2 የሚከብዱዎት ክብደት ይመረጣል። 2 ወይም 3 ዙር፣ በመሃል እረፍት፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ቀን እያሳለፉ። ለጽናት ከሆነ ክብደቱ ቀለል ብሎ ከ15 እስከ 25 ጊዜ። 12ቱ ሲቀልዎ ትንሽ ይጨምሩ። ለስድስት ወር አንድ ዓይነት ክብደት የሚያነሳ ጡንቻ ለምን ብሎ ይጠንክር? ጂም የለም አይበሉኝ፤ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሲሞላ 2 ኪሎ ነው። ለጭን ደግሞ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ይበቃል፤ ክብደቱ የራስዎ ገላ ነው። ሲያነሱ ትንፋሽዎን አይያዙ።

ለልጅዎ ግን አጥንቱ መግጠሙን ሐኪሙ በራጅ አይቶ ሳይፈቅድ ምንም ክብደት እንዳይጭኑበት። የልብ ህመም ወይም ያልተስተካከለ ደም ግፊት ካለብዎ ከመጀመርዎ በፊት ይታዩ። የጡንቻ መዛል ያለ ነው፤ የሚወጋ ህመም፣ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ የደረት ህመም ወይም ማዞር ከመጣ ግን ወዲያው አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።