የቤተሰብ ገጽ፦ ቆሽታቸው የታከመው ጓድ ገበታ



በዚህ ሳምንት ለገጻችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ ከካምፓላ የተላከ ነው። ጸሐፊዋ፣ ባለቤታቸው ከውትድርና በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገኙበት በካባላጋላ ሠፈር አብረዋቸው የሚኖሩ እኅት ናቸው። ባለቤታቸው ቆሽታቸው በከፊል በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው ከሁለት ወር በፊት ወደ ቤት ተመልሰዋል። «ቁስሉ ድኗል፤ ሰውዬው ግን በዓይኔ ሥር እየቀለጡ ነው» ይላሉ እኅታችን። ምግብ አልጠፋም፤ ይበላሉም። ነገር ግን ከበሉ በኋላ ሆዳቸው ይነፋል፤ ሰገራቸው ነጣ ያለ፣ ቅባት የበዛበት፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍና ሽታው የከፋ ሆኗል። ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸውን ካፕሱል ደግሞ ከአሳማ የተሠራ መሆኑን ከሰሙበት ቀን አንሥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።

ይህን ደብዳቤ ካነበብን በኋላ ሌላ ርእስ ለመምረጥ ልባችን አልፈቀደም።

በቋንቋችን የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ቆሽት በዚህ አነጋገር የንዴት ማደሪያ ሆና ስሟ ቢነሣም፣ እውነተኛ ሥራዋ ግን የስንቅ ክፍል ሥራ ነው። ከጨጓራ በስተጀርባ ተጋድማ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት መነሻ ትልካለች። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ሥጋውንም፣ ቅባቱንም፣ እህሉንም ሰብረው ለደም ያዘጋጃሉ። ከዚህም ሌላ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን የምታመነጭ እርሷው ናት። ስለዚህ የስንቅ ክፍሉ ሲጎዳ፣ መጋዘኑ በእህል ቢሞላም ጦሩ ይራባል። የጓዳችን ሁኔታም ከዚህ የተለየ አይመስለንም፤ የሚበሉት ምግብ በአንጀታቸው አልፎ ይሄዳል እንጂ ወደ ሰውነታቸው አይገባም።

ካምፓላና ቆሽት ለሕክምና ታሪክ እንግዳ አይደሉም። በከተማይቱ የሙላጎ ሆስፒታል፣ በክዋሺዮርኮር፣ ማለትም በፕሮቲን እጦት በሚመጣው የሕፃናት እብጠት፣ የሞቱትን ሲመረምር የነበረው ዶክተር ዴቪስ፣ ፈሳሽ አመንጪ የሆኑት የቆሽታቸው ሕዋሳት መንምነው ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ1948 አሳወቀ። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ዶክተር ሂው ትሮውልና ባልደረባው በእነዚህ ሕፃናት አንጀት ውስጥ የሚገኘው የቆሽት ኢንዛይም እጅግ አነስተኛ መሆኑን በጽሑፍ አወጡ። በ1960ዎቹም ዶክተር ሼፐር እዚያው ዩጋንዳ ውስጥ ቆሽታቸው ጠጥሮ ድንጋይ የቋጠረባቸውን ዐዋቂዎች አጥንቷል። ሕፃናቱ ወተትና በቂ ምግብ ሲያገኙ ቆሽታቸው ያገግም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያው ሆስፒታል የተቋቋመው ምዋናሙጊሙ የተባለው የሥነ ምግብ ክፍል ሕፃናትን ከማከም አልፎ እናቶቻቸውን ስለ አመጋገብ ያስተምር ነበር፤ ስሙም በሉጋንዳ ቋንቋ «ጤናማ ልጅ» ማለት ነው።

በጓዳችንና በእነዚያ ሕፃናት መካከል ያለው ልዩነት ግን ከባድ ነው። የመነመነ ቆሽት በወተት ሊመለስ ይችላል፤ በቢላ የወጣ ቆሽት ግን አይበቅልም። እኅታችን ወጡን ቢያበዙ፣ ሥጋውን ቢጨምሩ፣ የጎደለውን ኢንዛይም ምግብ ብቻውን አይተካውም። የሚተካው ያ የተቆለፈበት ካፕሱል ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ሳንሸፋፍን እንናገር። በዓለም ገበያ ላይ የሚገኙት የቆሽት ኢንዛይም መድኃኒቶች በአብዛኛው ከአሳማ ቆሽት የሚዘጋጁ ናቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወገናችን ይህን ሲሰማ ቢሸማቀቅ አንፈርድበትም፤ ሳይነገረው መቅረቱ ነው ጥፋቱ። ይሁን እንጂ መድኃኒት ምግብ አይደለም። ሌላ ምትክ ሲጠፋ ሕይወትን ለማትረፍ የሚወሰድን መድኃኒት ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ይፈቅዱታል፤ በቤተ ክርስቲያንም በኩል የነፍስ አባትን ማማከር ይቻላል። እኅታችን ባለቤታቸውን በክርክር ለመርታት ከመድከም ይልቅ የሚያከብሯቸውን የሃይማኖት አባት ወደ ቤት ቢጋብዙና ነገሩን በግልጽ ቢያስረዱ ይሻላል ብለን እናምናለን። ከሐኪሙም ዘንድ ቀርቦ መድኃኒቱን ማቆማቸውን መናገር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ይወሰዳል ብሎ የሚገምተው መድኃኒት ቁም ሣጥን ውስጥ ካለ፣ በሌላ በሽታ ጠርጥሮ በከንቱ ሊደክም ይችላል።

አወሳሰዱም የራሱ ሥርዓት አለው። ካፕሱሉ የሚዋጠው ከምግብ በፊት ወይም ከምግብ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው፤ ቁጥሩ ብዙ ከሆነ ገሚሱ በምግቡ መካከል ይወሰዳል። ከእህሉ ጋር አብሮ ካልወረደ ትርፉ ትንሽ ነው። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ለዋና ምግብ ከ40,000 እስከ 50,000 ዩኒት፣ ለመክሰስ ደግሞ የዚህን ግማሽ በማዘዝ ይጀምራሉ፤ እንደ ሁኔታውም ይጨምራሉ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ካፕሱሉ አይታኘክም፤ በትኩስ ሻይም አይዋጥም፣ ሙቀት ኢንዛይሙን ያበላሸዋልና። በቆላ ጦር ሠፈር የምትኖሩ እኅቶች በተለይ ልብ በሉ፤ ብልቃጡን በመስኮት ጠርዝ ወይም በመኪና ውስጥ አትተዉት፣ ከ25 ዲግሪ በታች በሆነ ቀዝቃዛ ሥፍራ አኑሩት።

ስለ ምግቡ ስንናገር፣ በአንድ ትልቅ ትሪ የቀረበ ምሳ ለእኒህ ጓድ አይስማማም። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ ጨጓራ ቶሎ አይራገፍም፤ ስለዚህ በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥሚት፣ ሾርባ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እርጎ፣ በደንብ የበሰለ ምስር ይስማሙ ነበር፤ ዛሬም ሆድ ሲያስቸግር ወደ እነርሱ መመለስ አያሳፍርም። በካምፓላ ገበያ የሞላው ማቶኬም ለስላሳ በመሆኑ ጥሩ ነው። እኅታችን «ቅቤ ከቤቴ አስወጥቻለሁ» ማለታቸው ግን አላስደሰተንም። የቀድሞው ምክር ቅባትን ፈጽሞ መከልከል ነበር፤ የዛሬው ግን ካፕሱሉ ከተወሰደ ልከኛ ቅባት ይበላ የሚል ነው። የከሳ ሰው ቅባት ሲነፈግ ይበልጥ ይከሳል። በቅባት የሚሟሙት ቪታሚኖች ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም አብረው ይጎድላሉ፤ ጓዳችን ማታ ማታ ዓይናቸው የሚይዛቸው ከሆነ ይህ ዳፍንት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገር።

ጾምን በሚመለከት፣ ሕመምተኛ እንዲበላ ሁለቱም ሃይማኖቶች ይፈቅዳሉ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የድካም ብቻ አይደለም። ቆሽታቸው የተቆረጠ ሰዎች የስኳር በሽታ ሊይዛቸው ይችላል፤ ስኳርን ወደ ላይ የሚመልሰው ሆርሞንም አብሮ ስለሚጎድል፣ ስኳሩ ሲወርድ በፍጥነት ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የንግግር መዛባት ከታየ ሐኪም እስኪገኝ ሳይጠበቅ በስኳር የተበጠበጠ ውኃ ይሰጥ፤ ሕሊናውን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ወደ ሕክምና ይሮጣል እንጂ።

እኅታችን ከሆስፒታሉ የተሰጠውን ወረቀት አውጥተው «ጣፊያ» ወጥቶ እንደሆነ እንዲያስነብቡ አደራ እንላለን። የቆሽት ጅራት ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ ጣፊያም አብራ ትወጣለች። ጣፊያ የሌለው ሰው ተላላፊ በሽታን የመቋቋም ኃይሉ ስለሚያንስ ክትባት ያስፈልገዋል፤ ትኩሳት ከያዘው በዚያው ሰዓት ይመርመር እንጂ እስኪነጋ አይጠበቅ። ካምፓላ ወባ ያለባት ከተማ ናት፤ አጎበሩ ይዘርጋ።

መጠጥን በተመለከተ ለድርድር ቦታ የለንም። አረቄም፣ ጠጅም፣ የዩጋንዳው ዋራጊም ለቆሽት አንድ ናቸው። ጓደኞቻቸው «እንኳን ተረፍክ» ለማለት ጠርሙስ ይዘው ቢመጡ፣ እኅታችን በር ላይ እንዲቀበሏቸውና ጠርሙሱን እዚያው እንዲያስቀሩት እንመክራለን፤ በዚህ ላይ ጨዋነት ቢጎድል እኛ ኃላፊነቱን እንወስዳለን። ሲጋራም እንዲሁ።

በመጨረሻም እኅታችን በደብዳቤያቸው ግርጌ በትንሽ ጽሕፈት «ቡናስ?» ብለው ጠይቀዋል። ጨጓራቸውን ካላስቸገራቸው፣ ያለ ወተት የሚጠጣ ቡና ካፕሱል አያስፈልገውም። ከቡናው ጋር በቅቤ የታሸ ቆሎ ወይም ዳቦ ከቀረበ ግን፣ ያ መክሰስ ነውና ከመጀመሪያው ቁራሽ ጋር ካፕሱሉ ይዋጥ።